የሰጪው በረከት፤ ምጽዋት መጽዋቹን እንዴት ይጠቅማል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ስለ ምጽዋት ትምህርት በተሰጠ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የምንሰማው የነዳያንን ችግር ነው። የተራበው ይብላ፣ የታረዘው ይልበስ፣ መጠጊያ ያጣው ይጠለል እንባላለን። ይህ እውነት ነው፤ መባልም አለበት። ነገር ግን የትምህርቱ ግማሽ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ምጽዋትን ከጾምና ከጸሎት ጋር አስተባብራ የምታስተምረው ተቀባዩ ስለሚያገኘው እንጀራ ብቻ ሳይሆን ሰጪው ስለሚያገኘው ፈውስም ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ሁለተኛ ግማሽ እንመለከታለን፤ ይህ ጥቅም በምን ምክንያት ከእጃችን እንደሚያመልጥም እናያለን። በእኔ አስተያየት የዘመናችን ወጣቶች መስጠትን አልተውንም፤ ከመስጠት የሚገኘውን ግን እያጣነው ነው።

የጠገበው ሰው ፈውስ

ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ስለሚወደው ጾም ሲናገር ለተራበ እንጀራ መቁረስን፣ ማደሪያ የሌለውን ድኃ ወደ ቤት ማስገባትን፣ የተራቆተውን ማልበስን ይዘረዝራል። የሚያስደንቀው ቀጥሎ የሚሰጠው ተስፋ ነው። ብርሃን እንደ ንጋት የሚወጣለት፣ ፈውስም ፈጥኖ የሚደርስለት ለበላው ድኃ ሳይሆን ላበላው ሰው ነው። ልብ እንበል፤ የተራበው ሰው እንጀራ አገኘ፣ የጠገበው ሰው ግን ፈውስ አገኘ። ፈውስ የሚያስፈልገው ደግሞ ለታመመ ነው። ስለዚህ ሰጪው ሳያውቀው ታሞ ኖሯል ማለት ነው።

ይህ ሕመም ምንድን ነው? ጌታችን ስለ ሰነፉ ባለጠጋ የተናገረው ምሳሌ (ሉቃ. 12፥16-21) መልሱን ይሰጠናል። ያ ሰው እርሻው ብዙ ፍሬ ባፈራለት ጊዜ ጎተራውን አፍርሶ ከዚያ የሚበልጥ ሊሠራ አሰበ። ምሳሌውን በጥንቃቄ ብናነበው ከባለጠጋው ጋር ሌላ ሰው አናገኝም። ሚስት አትጠቀስም፣ ጎረቤት አይጠቀስም፣ እህሉን ያጨደው ሠራተኛ እንኳ አይጠቀስም። የሚያስበው በልቡ፣ የሚነጋገረው ከገዛ ነፍሱ ጋር፣ የሚያቅደውም ለራሱ ብቻ ነው። ነፍሱን በዚያች ሌሊት ከመጠየቁ አስቀድሞ በቁሙ ብቻውን ቀርቶ ነበር።

በዚህ ምሳሌ ላይ የሰበከው ታላቁ አባት ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ትምህርቱን በቃል ብቻ አልተወውም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ ረኃብ በጸና ጊዜ በስብከቱ የባለጠጎችን ጎተራ አስከፍቶ፣ ራሱም ወገቡን ታጥቆ ለተራቡት ምግብ አቅርቧል። ከከተማይቱም ውጭ ሕሙማን፣ ድኆችና እንግዶች የሚረዱበትን ሰፊ ስፍራ አቋቁሟል። እርሱ የከፈተው ጎተራ የራበውን አጥግቧል፤ ባለጠጋውን ደግሞ ከብቸኝነቱ አውጥቶታል።

«እኛ ተማሪዎች ነን፤ ምን ጎተራ አለን?» እንል ይሆናል። ነገር ግን ሌሊቱን በስልካችን ላይ የሌላውን ኑሮ ከራሳችን ጋር ስናነጻጽር የምናነጋ፣ ስለ ውጤታችን፣ ስለ ሥራ ማግኘታችንና ስለ መልካችን ከራሳችን ጋር ብቻ የምንነጋገር ከሆነ በዚያ ሰው ቤት ውስጥ ነን። ጎተራው ባዶ ቢሆንም በሩ ያው ዝግ ነው።

ተመራማሪዎች ያገኙት

የወንጌል እውነት ምስክር ከላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ በዩኒቨርሲቲ የምንማር ወጣቶች የምርምር ቋንቋ ስለሚቀርበን አንድ ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤልዛቤት ደን፣ ላራ አክኒንና ማይክል ኖርተን የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት አንድ ጥናት አሳተሙ። በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለ46 ሰዎች በጠዋት ፖስታ ተሰጣቸው፤ በፖስታው ውስጥ 5 ወይም 20 ዶላር ነበረ። ግማሾቹ እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ድረስ ገንዘቡን ለራሳቸው እንዲያወጡት፣ ግማሾቹ ደግሞ ለሌላ ሰው ስጦታ ወይም ለበጎ አድራጎት እንዲያውሉት ተነገራቸው። ሲመሽ ሲጠየቁ ይበልጥ ደስ ብሏቸው የተገኙት ለሌላ ያዋሉት ናቸው። የገንዘቡ መጠን፣ 5ም ይሁን 20፣ ለውጥ አላመጣም። ሌሎች ተማሪዎች ውጤቱን አስቀድመው እንዲገምቱ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ የገመቱት ተቃራኒውን ነው፤ ለራስ ማውጣትና ብዙ ገንዘብ ይበልጥ ደስ ያሰኛል ብለው ነበር።

ጥናቱ በቁጥር ትንሽ ነው። ነገር ግን በ2013 አክኒንና ባልደረቦቿ የ136 አገሮችን መረጃ መርምረው በ120ዎቹ ውስጥ የሰጡ ሰዎች የተሻለ የሕይወት እርካታ እንዳላቸው አሳይተዋል። ከእነዚህ አገሮች ብዙዎቹ ባለጠጎች አይደሉም።

የመጠኑን ነገር ደግመን እናስበው። ጌታችን በመዝገቡ ሣጥን ፊት ተቀምጦ ከባለጠጎቹ ብዙ ስጦታ ይልቅ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም አከበረ (ማር. 12፥41-44)። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ታሪኩ የሚነገረው በላኤ ሰብእም በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነበር። «ሲኖረኝ እሰጣለሁ» የሚለው ቃላችን ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን የነገውን ደስታ ገና ባልመጣ ገንዘብ ላይ ማንጠልጠል ነው።

ጥቅሙ በምን ይጠፋል?

እነዚሁ ተመራማሪዎች ከጊዜ በኋላ እንዳስረዱት መስጠት ሁልጊዜ እኩል ደስታ አይሰጥም። ሰጪው በነጻ ፈቃዱ ሲሰጥ፣ ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ፣ ስጦታው የሠራውን ሲያይ ደስታው ይበረታል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ስጦታ በኀዘንና በግዴታ እንዳይሆን አስጠንቅቋል (2ቆሮ. 9፥7)። እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍ ፊታቸውን ሳናይ ሳንቲም ጣል አድርገን የምንሮጥ ከሆነ ሰጥተናል፤ አልተገናኘንም ግን።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ካሜራው ነው። በበዓላት ሰሞን ነዳያንን ስንመግብ አንዱ እጃችን ምግቡን፣ ሌላው ስልኩን ይይዛል። እንጀራ ስትቀበል ፊቷን በነጠላዋ የምትሸፍን እናት ምስል በማኅበራዊ መገናኛ ይለጠፋል። ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲሆን ያዘዘውና በሰው ፊት ለመታየት የሚሰጡት ዋጋቸውን ተቀብለው እንደ ጨረሱ ያስተማረው (ማቴ. 6፥1-4) ለዚህ ነው። ደስታው ከተቀባዩ ፊት መምጣት ሲገባው ከተመልካች ቁጥር እንጠብቀዋለን፤ ያም ቁጥር በማግሥቱ ይረሳል።

«ምስሉ ካልታየ ሌሎች አይረዱም፤ ለጋሾችም ሪፖርት ይፈልጋሉ» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ሐሳባቸው መናቅ የለበትም፤ ገንዘብ ላዋጣ ሰው መልስ መስጠት ታማኝነት ነው። ይሁን እንጂ ድስቱን፣ የተዘረጋውን ማዕድ፣ የሚሠሩትን እጆች፣ የገቢና የወጪውን ሒሳብ ማሳየት እንችላለን። የነዳያኑ ፊት ግን የእኛ ንብረት አይደለም።

ሦስተኛው ጥፋት ንግድ ነው። «አንድ ስጥ፣ መቶ ይመለስልሃል» በሚል ስሌት የሚሰጥ ሰው ያ መቶ ሲዘገይበት በእግዚአብሔር ላይ ያጉረመርማል። የአእምሮ ዕረፍት ለማግኘት ብቻ የሚሰጥም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ድኃውን እንደ መድኃኒት ክኒን ይጠቀምበታል። ደስታ እግዚአብሔር በምጽዋት ላይ የሚጨምረው በረከት ነው፤ የምጽዋት ዋጋ ግን አይደለም። ስለዚህ ደስታው ባይሰማንም እንሰጣለን፤ የተራበው ሰው የእኛን ስሜት ሊጠብቅ አይችልምና።

መተዋወቅ

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ በዚህ ረገድ ታላቅ ትምህርት አለው። ሊቃውንቶቻችን በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንጠልጥለው፣ በእመቤታችን ስም በየደጁ እየለመኑ ነው ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን የተማሩት። ቁራሽ የሰጠችው እናት ፊደል ባትቆጥርም በዚያ ትምህርት ውስጥ ድርሻ አላት። ልጁ ሲያድግ በመቅደስ የሚያሰማው ዜማ በእርሷ መሶብ ውስጥ አልፏል። ሰጪዋ ከተቀባዩ ጋር አንድ ቤት ሆነች ማለት ይህ ነው።

እኔም በማገለግልበት አጥቢያ ደጅ ላይ የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን ጠይቄ ከተዋወቅን ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቆመን እንጨዋወታለን። የምሰጣቸው ነገር ትንሽ ነው። በፈተና ሰሞን ሁለት ሰንበት ቀርቼ ስመለስ ገና ከሩቅ «ልጄ፣ አጣሁህ እኮ! አሞህ ነው ወይ? ስምህን እየጠራሁ ስጸልይልህ ነበር» አሉኝ። ብዙ ሺህ ተማሪ ባለበት ግቢ ውስጥ መቅረቴን ያስተዋለ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሁለታችን መጽዋቹ ማን እንደሆነ በቀላሉ መናገር አልችልም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ትንሽም ቢሆን በየሳምንቱ አስቀድመን እንለይ። አባቶቻችን በጾም ወራት ከማዕዳችን የቀረውን ለድኃ እንድንሰጥ ያስተምራሉ፤ የአንድ ቀን የቁርስ ዋጋ ለተማሪም አይከብድም። ሁለተኛ፣ ቢያንስ የአንድ ነዳይ ስም እንወቅ፤ አንቱታና ሰላምታ ገንዘብ አይጠይቁም። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ከሌለን ጊዜያችንን እንስጥ። አዲስ አበባ በሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም ሆነ በየአጥቢያችን አረጋዊ የሚያጥብ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ለውጭ ሰው እየሰጠን አባትና እናታችንን አንርሳ፤ ጌታችን ለቤተ መቅደስ ሰጠሁ በሚል ሰበብ ወላጆቻቸውን የዘነጉትን ገሥጿል (ማር. 7፥9-13)።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላሳስብ። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት የያዘው ወንድማችንን «መጽውት፣ ይለቅሃል» ብለን ብቻ አንሸኘው። ወደ ንስሓ አባቱም ወደ ሐኪምም እናድርሰው፤ አብሮ መሄዳችንም ራሱ ምጽዋት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ነዳያን በቤተ ክርስቲያን ደጅ መቀመጣቸው ለእነርሱ ጥቅም ብቻ አይደለም። ወደ ውስጥ ገብተን ሥጋውንና ደሙን ከመቀበላችን በፊት በመጨረሻው ቀን «ተርቤ ነበር» የሚለንን ጌታ (ማቴ. 25) በደጁ አግኝተን ማለፍ እንድንችል ነው። በሚመጣው ሰንበት ስንሄድ እርምጃችንን ጥቂት እንቀንስ፤ ፊታቸውን እንይ፤ ስማቸውን እንጠይቅ። የእኛንም ስም እንንገራቸው፤ የሚጸልይልን ያስፈልገናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።