‹‹ለጉድጓዱ ጊዜ የለንም››

ፕራግ ሄደን የከፈልንበት የአንድ ቀን ጉብኝት ወረቀቱ ላይ ‹‹የመካከለኛው ዘመን የብር ከተማ›› ይላል። ከተማዋ ኩትና ሆራ ናት፤ ከፕራግ በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጠዋት በአውቶቡስ ወጥተን ማታ ተመለስን። ታዲያ ጎበዝ፣ በዚያ ሁሉ ሰዓት ብሩ ከየት እንደወጣና ማን እንዳወጣው ያየን እንዳይመስላችሁ! አጥንት አየን፣ ቤተ ክርስቲያን አየን፣ ምሳ በላን፣ የማስታወሻ ዕቃ ገዛን። ከመካከላችን አንዷ ‹‹ወደ ማዕድኑስ መቼ ነው የምንወርደው?›› ብላ ብትጠይቅ አስጎብኚያችን ሰዓቷን አየችና ‹‹ለጉድጓዱ ጊዜ የለንም›› አለችን።

ጠባችን ከእሷ ጋር አይደለም። እሷ በተሰጣት ሰዓት ነው የምትሮጠው። ጠባችን ፕሮግራሙን ካወጡት ጋር፣ ደግሞም ሳንጠይቅ ከምንከፍለው ከራሳችን ጋር ነው።

እስቲ ከአጥንቱ እንጀምር (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሴድሌትስ በተባለው ሰፈር ባለው የአፅም ቤት ከ40,000 የማያንሱ ሰዎች አጥንት ተከማችቷል። ብዙዎቹ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወረርሽኝና ከዚያ በኋላ በመጡት የሁሳውያን ጦርነቶች ያለቁ ናቸው። በ1870 ፍራንቲሼክ ሪንት የተባለ እንጨት ጠራቢ ከዚህ አጥንት ከጣሪያ የሚንጠለጠል ትልቅ መብራት ሠራ። ለቀጠሩት ለሽቫርዘንበርግ መሳፍንትም የቤተሰባቸውን አርማ በአጥንት አበጀላቸው። ድሃ ሞቶም የጌታ ግድግዳ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ግን ጊዜ ነበረን!

ከተማዋን ከተማ ያደረገው አጥንት አይደለም፤ ብር ነው። በ1300 ንጉሥ ዳግማዊ ቫትስላቭ የማዕድን ሕግ አወጣ፤ የፕራግ ግሮሽ የተባለውንም የብር ሳንቲም እዚሁ ማስመታት ጀመረ። ባለሙያዎቹ ከፍሎሬንስ ስለመጡ ሳንቲሙ የሚመታበት ግቢ እስከ ዛሬ ‹‹የጣልያን ግቢ›› ይባላል። ለባለሙያዎቹ ስም ተረፋቸው። ለቆፋሪዎቹስ? በጨለማ እንዲታዩ ነጭ ለብሰው፣ ከኋላቸው ቆዳ አሥረው፣ በተዳፋቱ ጉድጓድ እየተንሸራተቱ ይወርዱ ነበር። ብርሃናቸው የሞራ ኩራዝ ነው። ኦሴል የተባለው ማዕድን ከ500 ሜትር በላይ ጠልቋል። ኦሴል በቼክኛ ‹‹አህያ›› ማለት ነው። አህያ የተባለው ጉድጓዱ ይሁን እንጂ ሸክሙ የሰው ነበር።

እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው የተጫኑም አልነበሩም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሹሞቹ ላይ አመፁ፤ በ1496 መሪዎቻቸው ፖዲየብራዲ ከተማ ተገደሉ። እዚያ ዛሬም የማዕድን ቆፋሪዎች ቤተ ክርስቲያን የሚባል ቆሟል። አስጎብኚያችን ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

‹‹ቱሪስት የሚፈልገው አፅሙን ነው፤ ገበያው ነው›› የሚሉን አይጠፉም። ይህ ሰበብ ነው። ቱሪስት የሚፈልገው ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈለትን ነው። ማስረጃ ካስፈለገ፣ የአፅም ቤቱ አስተዳደር ከ2020 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ከልክሏል። ለሙታን ክብር ሲባል ማለት ነው። ጎብኚው ቀረ? አልቀረም፤ ካሜራውን ከቶ ይገባል። ጎብኚ ከገሩት ይገራል።

ደግሞም የጠየቅነው ተራራ ግፉልን አይደለም። የብር ሙዚየሙ ጎብኚውን ነጭ ካባ አልብሶ፣ የራስ ቆብና መብራት ሰጥቶ ወደ መካከለኛው ዘመን ጉድጓድ ያወርዳል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጎንበስ ሳይሉ አይታለፍም። የቆፋሪዎች ጠባቂ በምትባለው በቅድስት በርባራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ነጭ የለበሰ ቆፋሪ ሐውልት ቆሟል፤ ግድግዳውም ላይ ሠራተኞቹ ተሥለዋል። በ1388 የተጀመረውን ይህን ሕንፃ ያቆመው የብሩ ሀብት ነው። እኛ በሐውልቱ አጠገብ በጥድፊያ አለፍን፤ ለማስታወሻ ዕቃ ሱቁ ግን ሰዓት ተመደበለት።

‹‹ለኢትዮጵያዊ ምኑ ነው?›› ለምትሉን መልስ አለን። አያቶቻችን ጠገራ ብር ብለው በቁጥር ያስቀመጡት የማሪያ ቴሬዛ ታለር ነው። ታለር የሚለው ስም የወጣው እዚያው ቼክ ምድር ካለች ሌላ የብር ከተማ፣ በጀርመንኛ ዮአኪምስታል ከምትባለው ከያኺሞቭ ነው። ማሪያ ቴሬዛም የቦሔሚያ ንግሥት ነበረች። በሳንቲሙ ላይ የንግሥቲቱን መልክ አይተን አድገናል፤ ብሩን ከመሬት ያወጣውን እጅ ግን ማንም አላሳየንም።

ስለዚህ ወደዚያ የምትሄዱ ወገኖች፣ ሳትከፍሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ‹‹ማዕድኑ ውስጥ እንወርዳለን ወይ?›› የለም ካሏችሁ ገንዘባችሁን ያዙና በባቡር ሂዱ፤ ከፕራግ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የብር ከተማ ብሎ ሸጦ ብር ያወጣውን ሰው መደበቅ ጉብኝት አይባልም። ቅሸባ ነው።