የሙዚቃ መምህር ጓዝ

የወታደር ቤተሰብ ጓዝ ማሰርን ያውቅበታል። የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ዕለት ምን እንደሚጫን፣ ምን እንደሚሸጥ፣ ምን ለጎረቤት እንደሚተው እመቤቲቱ በልቧ መዝና ትጨርሳለች። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ዋናው ጓዙ በመኪና ስለማይጫን አንድ ባለሙያ እናወጋለን፤ እርሱም ማታ እየተጫወተ ቀን የሚያስተምር ሙዚቀኛ ነው።

ነገራችንን ከጎረቤት አገር እንጀምር። በካርቱም ከተማ፣ ከአየር ማረፊያው በስተምዕራብ፣ ዐማራት የሚባል ሰፈር አለ። ጎዳናዎቹ በቁጥር ይጠራሉ። ከጦርነቱ በፊት ኤምባሲዎች ይገኙበት ነበር፤ ወገኖቻችንም ሠርተው ያድሩበት ነበር። በዚያች ከተማ ሠርግ ያለ ዘፋኝ አይደምቅም፤ ዑዱ፣ ቫዮሊኑ፣ አኮርዲዮኑና ከበሮው የደስታው አካላት ናቸው። ይሁን እንጂ ረመዳን ሲገባ ሠርግ ይቆማል፤ የሙዚቀኛውም ገቢ አብሮ ይቆማል። በእኛም አገር ዐቢይ ጾም ሲያዝ የሠርግ ተጫዋች መሣሪያውን ሰቅሎ ፋሲካን ይጠብቃል። እንዲህ ባለው ጊዜ የቤቱን ምድጃ እንዳይጠፋ የሚያደርግለት፣ በጥቂት ክፍያ የሚያስተምራቸው ልጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023፣ ገና የረመዳን ወር ሳያልቅ፣ በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። የአየር ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ስለነበረ የዐማራት ነዋሪ ቤቱን እየዘጋ ወጣ። ብዙዎች ወደ ግብፅ፣ ብዙዎችም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሰደዱ። ከተማይቱን የአገሪቱ ጦር መልሶ የያዘው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ነው። እንዲህ ባለ ቀን ሙዚቀኛ ከቤቱ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? ዑድ ቢይዝ ይይዛል፤ ፒያኖ ግን ከተቀመጠበት አይነሣም። የኖታ ደብተር በእሳት ይጠፋል፤ ቴፕም ይዘረፋል። ሊዘረፍ የማይችለው በተማሪው ጣትና ጆሮ ያስቀመጠው ብቻ ነው። ተማሪው ካይሮም ይድረስ አዲስ አበባ፣ የመምህሩን ጓዝ ተሸክሞለት ይሄዳል።

በሱዳን ሙዚቃ ታላቅ ስም ያለው መሐመድ ዋርዲ እ.ኤ.አ. በ1932 በኑብያ ምድር ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1957 ድምፁ በኦምዱርማን ሬዲዮ ከመሰማቱ በፊት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ዑድን ከመያዙ አስቀድሞም ጣቱን ያፍታታው በጠምቡር፣ ማለትም በእኛ ክራር ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 የመንግሥት ግልበጣ በኋላ አገሩን ለቆ በስደት ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመልሶ፣ በ2012 በካርቱም ዐረፈ። ዐረብኛ የማይሰማ ኢትዮጵያዊ ዘፈኑን አብሮ ማንጎራጎሩ የሚያስገርም አይደለም። የሱዳን ዜማ እንደ ትዝታና እንደ ባቲ ሁሉ በአምስት ድምፅ የሚሠራ በመሆኑ፣ ቃሉ እንግዳ ቢሆንም ዜማው ለጆሯችን ቤተኛ ነው።

በአገራችንም የመምህርን ጓዝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ያሠለጠነው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪያርፍ ድረስ ከፖሊስ ኦርኬስትራ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ድረስ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞችን ሲያስተምር ኖሯል። ሁለቱም የመጡት ሕዝባቸው ካለቀበትና ከተበተነበት መከራ ተርፈው ነው፤ ይዘውት የመጡት ዋና ሀብትም ዕውቀታቸው ነበር። የሠራዊት ቤትም በዚህ ረገድ ባለውለታ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ አልፈዋል። ሕዝብ የዘፋኙን ስም ሲያነሣ ይኖራል፤ ከኋላው ተቀምጦ «እንደገና! ከላይ ጀምር!» ሲል የነበረውን ሰው ስም ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

የሙዚቃ መምህር ቀን በዚህች «እንደገና» በምትለው ቃል የተሞላ ነው። ማታ ለጭብጨባ የተጫወተውን ዜማ ቀን አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲያበላሽበት በትዕግሥት ያደምጣል። አንዳንድ ጊዜ «ጊዜዬን በከንቱ ፈጀሁት ይሆን?» ብሎ ያስባል። እኛ ግን እንላለን፦ ጭብጨባው ሌሊቱን አያልፍም፤ የተበላሸውን ያቀናው ጣት ግን ዕድሜ ልኩን ሲጫወት ይኖራል።

እንግዲህ ለወላጆች የምንለው አለ። ልጃችሁ መሣሪያ ልማር ሲላችሁ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብላችሁ አታሸማቅቁት፤ ዘመን የተሻገሩ ዜማዎቻችንን ጠብቀው ያቆዩልን እነዚያው አዝማሪዎች ናቸው። ልምምዱም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሁን፤ ለእሑድ ተከማችቶ ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ልፋት ይህ ይበልጣል። በቤት ውስጥ ክራሩ ሲንኳኳ «ራሴን አዞረኝ» ከማለት፣ ከሰፈሩ ጋር ተስማምታችሁ ሰዓት ወስኑለት። የመምህሩንም ክፍያ በወቅቱ ስጡ፤ ይልቁንም ሠርግ በሌለበት በጾም ወራት አታዘግዩበት።

የዝውውር ትእዛዝ ደርሷችሁ ጓዝ በምታስሩበት ቀንም ክራሩን ከመሰነባበታችሁ በፊት ልጁን ወደ መምህሩ ላኩት። አንዲት የመጨረሻ ትምህርት ይቀበል፤ የት እንደምትሄዱም ይንገረው። ዜማው እስከ የት እንደደረሰለት ማወቅ ለአስተማሪ ከደመወዝ ያላነሰ ነገር ነው።