በወንዝ መጨረሻ ያለች ከተማ ፤ አሳይታና የአዋሽ ውሃ

ውሃ የሕይወት መሠረት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሲያንስ ረኃብን ፤ ሲበዛም ጥፋትን የሚያመጣ ስለ ሆነ ፤ እውነተኛው ጥቅሙ የሚገኘው በልክና በጊዜው ሲደርስ ብቻ ነው። ይህንንም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው የተማረ ሕዝብ ለማየት የሚፈልግ ሰው ፤ በአፋር ምድር በአዋሽ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችውን የአሳይታን ከተማ መመልከት ይበቃዋል።

የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ ፤ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ፤ እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ወንዞች ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በዚህም ረጅም መንገድ ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ የኤሌክትሪክ ኃይል ይመነጭበታል ፤ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ አገዳቸውን ያጠጡበታል ፤ አሚባራም ከእርሱ እየጠለፈ ያርሳል ፤ ዱብቲም ከዚያ ቀጥላ ድርሻዋን ትወስዳለች። ለአሳይታ የሚደርሳት ከነዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ከላይ ያለው እስኪጠግብ ድረስ ከታች ያለው ይጠብቃል ፤ ከላይ ያለው ሞልቶበት የለቀቀው ደግሞ ከታች ባለው ላይ ይወርዳል።

ከተማይቱ ትንሽ ብትሆንም ታሪኳ ትንሽ አይደለም። የአውሳ ሡልጣኖች አገር ናትና ፤ በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ግመልና ከብት ከማርባቱም በላይ ከወንዙ ቦይ እየጠለፈ በቆሎ ሲዘራና ተምር ሲተክል ኖሯል። ቦይ መቆፈርና ዳርቻ መጠገን ያን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን የሁሉ ጉልበት የሚጠይቅ የጋራ ሥራ ነበር። እንግሊዛዊው መንገደኛ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. የአዋሽን ፍጻሜ ፍለጋ አውሳን አቋርጦ እስከ አቤ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ ፤ በደረቅ በረሃ መካከል ያገኘው ይህንን ለምለም ምድር ነበር።

ከዚያ በኋላ ታላላቅ እርሻዎች መጡ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሆኖ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ አቋቋመ ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንዙን ውሃና መሬት የሚያስተዳድር የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተመሠረተ። ሡልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬም ወገኖቻቸው ጥጥ እንዲያለሙ አድርገው ስለ ነበር ፤ አውሳ በሀብት ተጠቀመች። ሆኖም ጥጥ የተዘራበት የወንዝ ዳር መሬት ባዶ መሬት አልነበረም። አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የክፉ ቀን መጠጊያው ነበር። በ1965 ዓ.ም. አካባቢ ድርቁ በጠና ጊዜ ፤ መጠጊያው በጥጥ ተይዞ ስለ ተገኘ ከብቱ አለቀ ፤ ሰውም ተከትሎ ተጎዳ። በ1967 ዓ.ም. ሡልጣኑ ተሰደዱ ፤ ታላላቆቹም እርሻዎች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ ፤ የወንዙ ዳር የግጦሽ ጥያቄ ግን ሳይፈታ ቀረ።

በ1990ዎቹ ማብቂያ የተንዳሆ ግድብ ሥራ ሲጀመር ሕዝቡ ሁለት ነገር ተስፋ አድርጎ ነበር ፤ አንዱ ስኳር ፤ ሁለተኛው ልኩን የጠበቀ ውሃ። የአገዳው እርሻ ከታሰበው እጅግ አንሶ ቀረ። ስለ ውሃውም ጉዳይ በ2007 ዓ.ም. ዝናቡ ቀርቶ ከብት በብዛት አለቀ ፤ አምስት ዓመት ቆይቶ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ደግሞ በደጋው የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞላው ፤ ግድቦቹም ሞልተው ፈሰሱ። በአፋር ክልል ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተጎዳ ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ ፤ የአሳይታ ገበሬ እህልም በጎርፉ ውስጥ ተዋጠ። ግድብ መሥራት ብቻውን ውሃን መግራት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ወንዙ ከደጋው የሚያመጣው ደለል አልጋውን ከፍ ሲያደርገው ፤ ትናንት የበቃ ዳርቻ ዛሬ አይበቃም።

ከውሃው ሌላ የማይታይ ጠላት አለ። ከባዕድ አገር ለጥላና ለማገዶ ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ ፤ አፋሮች የደርግ ዛፍ የሚሉት ፤ በቦዩና በግጦሹ ላይ እየተስፋፋ የቀረውን መሬት ይወርሳል። ደግሞም አሳይታ የክልሉ መዲና መሆኗ ለሰመራ አልፏል ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውም ዋና መንገድ ራቅ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ለአሳይታ የቀረላት ታላቅ ሀብት ወንዟ ብቻ ነው ፤ እርሱም ቢጎድልባት የምትተካበት ነገር የላትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል ፤ መልሱ ከታሪኳ ይገኛል። አንደኛ ፤ ግድብ ሲከፈት ከታች ያለው ሰው ቀኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል ፤ ከብትና ልጅ ለማሸሽ የአንድ ቀን ማስታወቂያ የአንድ ዓመት እርዳታን ይበልጣልና። ሁለተኛ ፤ በበጋ ውሃ ሲከፋፈል የመጨረሻው ድርሻ ትራፊ ሳይሆን ተቆጥሮ የተመደበ መሆን አለበት። ሦስተኛ ፤ ቦይ መጥረግና እሾኹን መመንጠር የዘመቻ ሥራ ሳይሆን የየዓመቱ ሥራ ይሁን ፤ የቀድሞው የጋራ ጉልበት ከባለ ሙያ ምክርና ከመሣሪያ ጋር ይጣመርለት። አራተኛ ፤ አዲስ እርሻ በተከፈተ ቁጥር ለግጦሽ የሚቀረው መሬት አስቀድሞ ይከለል። የ1965ቱ ጥፋት የመጣው ይህ ስላልተደረገ ነውና።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለውን ተረት ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። የአዋሽ ልጅ ግን አንድ ዓመት ይጠማል ፤ አንድ ዓመት ይሰጥማል። አንድ ወንዝ የሚያጠጣቸው ሁሉ እንደ አንድ ቤት ሰዎች ናቸው ፤ የቤቱም ደግነት የሚታወቀው መጀመሪያ በቀረበው እንግዳ ሳይሆን በመጨረሻው ተቀማጭ ማዕድ ነው። ስለዚህ የአዋሽ ውሃ በትክክል መተዳደሩን ለማወቅ የሚፈልግ ባለ ሥልጣን ፤ የሥራውን ውጤት በቆቃ ሳይሆን በአሳይታ ይመርምር።