ሚዛኑ በማን እጅ ነው?

በቡና ለቀማ ወራት ከሚዛን ተፈሪ ወይም ከቴፒ የእሸት ቡና መረከቢያ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ገበሬው ቡናውን ሲያስመዝን ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አያነሣም። ከጠረጠረ «ድገመው!» ይላል፤ በአጠገቡ የቆሙትም ይመሰክሩለታል። ሚዛኑ የነጋዴው ንብረት ነው። ሆኖም በሰው ፊት የተሰቀለ በመሆኑ ነጋዴው እንዳሻው ሊያደርገው አይችልም።

የዘመናችን የቃል ገበያ ሚዛን ግን ከመጋረጃ በስተጀርባ ተሰቅሏል።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት በዚያ ሰሞን፣ ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን አንድ ጽሑፍ ሁከት ያነሣሣል ሲል ከገጻቸው አወረደው። በዚያው ወር በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ከቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ለኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ፣ በአባቱ ላይ ጥላቻ የሚቀሰቅሱ ጽሑፎች እንዲነሡ ለፌስቡክ ደጋግሞ ማመልከቱንና ምላሽ የመጣለት ከግድያው በኋላ መሆኑን ገልጿል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ያለው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ለምን ተነሣ ብዬ አልሟገትም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዓለም የተመለከተው ቃል በቀናት ውስጥ ተመዘነ፤ አባቱን ለማትረፍ የጮኸ ልጅ ግን «ድገመው» የሚልበት አደባባይ አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን ኩባንያው የኢትዮጵያን ጽሑፎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ መመርመር እንደሚችል አስታውቆ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ክልል ተመሠረተ። የቤንች፣ የካፋ፣ የሸካና የሸኮ ሕዝቦች ቋንቋዎች ከአራቱ መካከል አልነበሩም። ቋንቋውን የማያውቅ ዳኛ መርዙን እንደ ቀልድ ያሳልፋል፤ ቅኔውን እንደ ስድብ ይሰርዛል። ዝም ቢልም ቢፈርድም ተጎጂው ያው ተናጋሪው ነው።

«ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ያልፈለገውን ቢያስወጣ ምን ይባላል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ማንም የራሱን ደጃፍ ይዘጋል። ነገር ግን አገር ሁሉ የሚገበያይበት፣ ለቅሶውንና ሠርጉን የሚነጋገርበት ቤት ከግል ጓዳነት አልፏል። መንግሥት ይቆጣጠረው ማለቴም አይደለም። የኛ አገር ሳንሱር ምን እንዳደረገ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ አይዘነጋውም። በኢሉባቦር የተወለደው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ቢያሳትም መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ ወረቀቱ በአንባቢ እጅ ነበርና። ከሩቅ አገር በአንድ ጣት የሚሰረዝ ገጽ ይህ ዕድል የለውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ቃላችንን የሚመዝን ቋንቋችንን ይወቅ። ሲያነሣም ሲተውም ምክንያቱን በግልጽ ይናገር። ይግባኝ የሚል ሰውም ሰሚ ያግኝ። ገበሬው ለአንድ ኪሎ ቡና የሚጠይቀውን ያህል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

በቤንች ቋንቋ ግጥም የሚጽፍ አንድ ወጣት መምህር አውቃለሁ። የሦስት ዓመት ሥራው ያለው በማኅበራዊ ገጹ ላይ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ጨሞ ስንጠጣ «ቢጠፋብህስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «ማን ያጠፋዋል? ማንም አያነበውም እኮ!» አለኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በማግስቱ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝቼ ሰጠሁት።