ሰልፊ ስቲክና የሰው ሐቅ



በዒድ ቀን ልጆችን ይዞ ወደ መዝናኛ ፓርክ መሄድ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሐበሾች በዒድ ቀን በመስጂዳቸው ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ እንዳልከለከሏቸው፣ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ከእርሳቸው ኋላ ሆነው እስኪበቃቸው ድረስ ጨዋታውን እንዲመለከቱ እንደፈቀዱላቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከመዝናናት ጋር አይደለም። ጠቡ በመዝናኛው ስፍራ በሰው ራስ ላይ ከሚወዛወዘው ዘንግ ጋር ነው።

ሰልፊ ስቲክ የሚባለው ይህ ዘንግ ሲታጠፍ ከቦርሳ የሚገባ፣ ሲመዘዝ ግን እስከ አንድ ሜትር አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚረዝም ነው። ጫፉ ላይ ሞባይል ይታሰራል። ባለቤቱ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ይራመዳል፤ ከጎኑ ልጅ ያዘለች እናት ትኑር፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ይኑሩ አያይም። መተላለፊያው መሐል ላይ ቆሞ ሃያ ጊዜ ፎቶ ሲያነሳ ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ ይጠብቀዋል። ለምን ብሎ የተናገረውንም «ደስታዬን አትንካብኝ» ይለዋል።

«ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ይጻፍበታል?» የሚሉ አይጠፉም። ቁም ነገርነቱንማ መዝናኛን ሥራቸው ያደረጉት ሰዎች ቀድመው አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰኔ ወር በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዲዝኒ ፓርክ አንድ ተሳፋሪ በሮለር ኮስተር ላይ እያለ ዘንጉን በመምዘዙ መጫወቻው ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲቆም ተደርጓል። በዚያው ወር መጨረሻ ዲዝኒ በአሜሪካ ባሉት ፓርኮቹ ሁሉ ሰልፊ ስቲክ ይዞ መግባትን ከለከለ። የፓሪሱና የሆንግ ኮንጉም ወዲያው ተከተሉ።

ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ያ ሮለር ኮስተር በሰዓት እስከ 88 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈጥናል። ይህም በአንድ ሰከንድ 24 ሜትር ያህል መሄድ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ላይ ከእጅ ያመለጠ ብረትና ሞባይል የሚያርፈው ከኋላ በተቀመጠው ሰው ፊት ላይ ወይም ከታች በቆመው ልጅ ራስ ላይ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ከመጫወቻው ብረት ጋር ቢጋጭ ደግሞ የያዘውን እጅ ራሱን አይምረውም።

እንግዲህ እናስተውል! ትኬት ሸጦ የሚያድር ድርጅት ለደንበኞቹ ደኅንነት ሲል ያወጣውን ደንብ እኛ ከ1400 ዓመታት በፊት በአደብ መልክ ተምረነዋል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ፍላጻ ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲጨብጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። ልብ በሉ፣ ሰውየው ሊወጋ አላሰበም። ፍላጻውም በእርሱ ዘንድ ሐላል ንብረቱ ነው። ነገር ግን ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ «አላሰብኩም» ማለት ብቻ አይበቃም። የያዝከው ነገር ክንድህን ካስረዘመው ኃላፊነትህም በዚያው ልክ ይረዝማል። የዛሬው የዒድ ፓርክ እንደዚያ ዘመን ገበያ ሰው የሚጋፋበት ስፍራ አይደለምን?

የሚያሳዝነው ደግሞ የእኛ ክርክር ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። በየጀመዓውና በየሻይ ቤቱ ወጣቶቻችን «በሞባይል ፎቶ መነሳት ሐራም ነው? ሐላል ነው?» እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ይሟገታሉ። በዚህ ጉዳይ ዑለሞች ተለያይተዋል፤ ሁሉም የሚያምነውን ዓሊም ይከተል። ሰውን ማስቸገር፣ መንገድ መዝጋት፣ የሌላውን አካል ለአደጋ ማጋለጥ ግን ዑለሞች የተለያዩበት ጉዳይ አይደለም። ጉዳት ማድረስ እንደማይፈቀድ የሚናገረው መርህ በመድረሳ ጀማሪ ልጅ ሳይቀር የሚሸመደድ ነው። ባልተስማማንበት ስንጨቃጨቅ የተስማማንበትን ረግጠን ማለፋችን ምን ይባላል?

ዘንጉ የሚያስረዝመው ክንድን ብቻም አይደለም፤ ዓይንንም ነው። አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት በር ቀዳዳ አጮልቆ ባየ ጊዜ እጅግ ተቆጥተው፣ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑን አስተምረዋል። ዛሬ ያ ዓይን በዘንግ ጫፍ ታስሮ ከሕዝቡ ራስ በላይ ይዞራል። ኒቃቧን ገለጥ አድርጋ ልጇን የምታጎርስ እህት፣ ጥላ ሥር ጋደም ያሉ አባት፣ የምታጠባ እናት ሁሉ ሳያውቁት ምስሉ ውስጥ ይገባሉ። ማታ ደግሞ በፌስቡክና በቲክቶክ ለማያውቃቸው ሕዝብ ይታያሉ። ለመሆኑ ያቺን እህት ማን አስፈቀዳት? የራስህ እናት ብትሆንስ ዝም ትል ነበርን?

«ያለ ዘንጉ ቤተሰባችን በሙሉ በአንድ ፎቶ አይገባም» የሚለው ምክንያት እውነትነት አለው። አያት ከልጅ ልጆቿ ጋር የተነሳችው ፎቶ ለቤተሰብ ውድ ነገር ነው። ታዲያ አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ወንድሜ፣ አንዴ አንሳን» ማለት ምን ይከብዳል? በዚያች ቃል ሰላምታ አለ፣ ትውውቅ አለ፣ ዒድ ሙባረክ መባባል አለ። ዘንጉ ከጎረቤት የሚያገናኘንን ይህችን ትንሽ ምክንያት እንኳ ወስዶብናል።

የግድ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ደግሞ አደቡን ይጠብቅ። ሲራመድና ሲሰለፍ ዘንጉን አጥፎ ይያዝ። በሚንቀሳቀስ መጫወቻ ላይ ከቶ አይምዘዘው። ፎቶ ሲያስፈልገው ከመንገድ ወጣ ብሎ፣ ግራ ቀኙንና ኋላውን አይቶ ይክፈተው፤ ወዲያውም ይጠፈው። እንግዳ ሰው ምስሉ ውስጥ ከገባ ያጥፋው። ፓርኩ ዘንግ የሚከለክል ከሆነ ቤቱ ትቶት ይሂድ። ትኬት መቁረጥ በደንቡ መስማማት ነውና፣ ሙስሊም ደግሞ በገባው ስምምነት ይታሰራል። ይህ በአዲስ አበባም ሆነ በዱባይ፣ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያለነውን ሁሉ ይመለከታል።

አባቶችና እናቶች ሆይ! ልጆቻችን በዒድ ቀን ከእኛ የሚማሩት በአዲስ ልብሳቸው ብቻ አይደለም። አባታቸው ለአንድ ፎቶ ሲል አዛውንት ገፍቶ ሲያልፍ ካዩ፣ ዓመቱን ሙሉ በመድረሳ የምናስተምራቸው አደብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፈርሳል። አባታቸው ዘንጉን አጥፎ «እለፉ እማማ» ሲል ካዩ ግን ከመቶ ደርስ የበለጠ ይማራሉ። በዚያ ስፍራ የሚያዩን ሙስሊም ያልሆኑ ጎረቤቶቻችንም ዲናችንን የሚያነቡት ከዚሁ ምግባራችን ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሰዎች ከእጃቸውም ከምላሳቸውም ሰላም ከሚሆኑላቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን።