በራችን ላይ ያለው ሳጥን የማን ነው?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ስለ መጅሊስ ምርጫ አይደለም። ስለ አወሊያም፣ ስለፈረሱት መስጂዶቻችንም አይደለም። ሳሎናችን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ወይም ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አቧራ ለብሶ መብራቱን ስለሚያብለጨልጨው ትንሽ ሳጥን ነው። ስለ ዋይፋይ ራውተር ልናወራ ነው። "ይኼ ደግሞ ከትግላችን ጋር ምን አገናኘው?" የሚል ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስኪ ትንሽ ታገሱን።

ትግላችን በ2004 ሲጀመር ብዙዎቻችን ስልካችንን እንደ ወዳጅ እናምነው ነበር። ወራት ሳይቆይ ልማዳችን ተለወጠ። ውይይት ሲኖር ስልክ ቤት ይቀራል፤ ወይ ባትሪው ወጥቶ ጫማ መደርደሪያው ላይ ይተዋል። "ይህ በስልክ አይወራም" የሚለው ቃል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ሆነ። ፍርሃታችን ባዶ ጥርጣሬ አልነበረም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ የጸጥታ ሰዎች የዜጎችን የጥሪ መዝገብ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያገኙ እንደነበር፣ የተቀዳ ንግግርም በምርመራ ክፍል ለታሳሪዎች ይሰማ እንደነበር ጽፏል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የሚታዘዝበት ሰርቨር ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለ ደርሶበት ነበር።

ያ ጊዜ ጥንቃቄን አስተማረን። ክፉ ነገርም አብሮ አስተማረን፤ "እነሱ ሁሉን ያያሉ፣ እኛ የምናደርገው ነገር የለም" ማለትን። ዛሬ የምንሞግተው ይህንን ነው። ሁሉን የሚያይ አላህ ብቻ ነው። ሰው የሚያየው በተከፈተለት ቀዳዳ በኩል ነው፤ ከቀዳዳዎቹ ደግሞ አንዳንዶቹ በእጃችን የሚደፈኑ ናቸው።

ዲናችን ስለ ቤት በር ያለውን ሥርዓት ሁላችንም በመድረሳ ተምረነዋል። በሱረቱ አን-ኑር ባለቤቱን ሳናስፈቅድ፣ ሰላምታም ሳናቀርብ ወደ ሰው ቤት እንዳንገባ ታዘናል። በሱረቱል ሑጁራት ደግሞ መሰለል ተከልክለናል። አያቶቻችን ይህንን ያውቁ ስለነበር ደጃፍ ላይ ቆመው "ቤቶች!" ይላሉ፤ መልስ ካጡ ይመለሳሉ። ታዲያ በዛሬ ቤት በሩ አንድ ብቻ አይደለም። የልጆቻችን ትምህርት፣ የሚስቶቻችን ጨዋታ ከዘመድ ጋር፣ ዓረብ አገር ካለችው እህታችን የሚመጣው ድምፅና ፎቶ ሁሉ በዚያች ሳጥን በኩል ነው የሚገባውና የሚወጣው። የእንጨቱን በር ቁልፍ ኪሳችን አድርገን እናድራለን። የዚህኛው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ራውተር ማለት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ፈርምዌር የሚባል የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም አለ። ርካሽ ራውተር የሚሠሩ ፋብሪካዎች ዕቃውን ከሸጡ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የተገኘበትን ስንጥቅ እየደፈኑ ማሻሻያ ያወጣሉ፤ ከዚያ ይተዉታል። ሳጥኑ ግን እኛ ቤት ሰባትና ስምንት ዓመት ያገለግላል። የመግቢያ ቃሉም ከፋብሪካ እንደወጣ "አድሚን" ሆኖ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ይህ የሚያስከትለው አደጋ የሚታሰብ ብቻ አይደለም፤ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ቪፒኤን-ፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ከ500,000 የማያንሱ የቤትና የአነስተኛ ቢሮ መሣሪያዎችን እንደያዘ ተገለጸ። ከተጠቁት መካከል ሊንክሲስ፣ ማይክሮቲክ፣ ኔትጊርና ቲፒ-ሊንክ ይገኙበታል፤ የመጨረሻው እኛ ገበያ ላይ ከማንም በላይ የምናየው ስም ነው። ያ ፕሮግራም በሳጥኑ የሚያልፈውን ማዳመጥም፣ ሳጥኑን ጨርሶ መግደልም ይችል ነበር።

መፍትሔ ብለን የምናቀርበው ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለውን ክፍት ፈርምዌር ነው። ክፍት የሚባለው አሠራሩ በሙሉ በግልጽ ተጽፎ የተቀመጠ፣ ማንም አንብቦ የሚመረምረውና የሚያርመው፣ ዋጋ የማይከፈልበት ስለሆነ ነው። ታሪኩ የመብት ጥያቄ ለለመደ ሰው ደስ ይላል። ሊንክሲስ ደብሊው አር ቲ 54 ጂ የተባለውን ራውተር ሲሸጥ፣ ውስጡ ያለው ሊነክስ መሆኑን አዋቂዎች ደረሱበት። የሊነክስ ፈቃድ ደግሞ "ተጠቅመህ ካከፋፈልክ ኮዱን ለተቀባዩ ስጥ" ይላል። በጥያቄ ብዛት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 ኮዱን አወጣ፤ በ2004 በዚያ ላይ ተመሥርቶ ኦፕን ደብሊው አር ቲ ተጀመረ። ሰዎቹ የጠየቁት ልግስና አልነበረም፤ በጽሑፍ የተሰጣቸው መብት እንዲከበር ነው። በኋላም አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ ደንብ ሲጠብቅ ቲፒ-ሊንክ ሌላ ፈርምዌር እንዳይጫን ዘግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጋር በሞገድ ኃይል ጉዳይ 200,000 ዶላር ለመክፈል ሲስማማ፣ የክፍት ፈርምዌር መንገድ እንዲፈቀድ ለመሥራትም በዚያው ስምምነት ቃል ገባ።

ወደ ሥራው ስንመጣ ችኮላ አያስፈልግም። ሳጥኑን ገልብጡት። ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ የሞዴሉ ስም አለ፤ ከስሙ ቀጥሎ በትንሽ ፊደል የእትሙ ቁጥር አለ። ሰው ሁሉ የሚስተው ይቺን ቁጥር ነው። በየቤቱ ያለውን ቲኤል-ደብሊው አር 841 ኤን እንውሰድ። ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። እትም 8 እስከ 12 ያለው 4 ሜጋባይት የማስቀመጫ ቦታና 32 ሜጋባይት ሚሞሪ ብቻ ነው ያለው። እትም 13 ወደ 8 እና 64 አደገ። ቀጣዩ እትም 14 ይብሳል ሲባል ተመልሶ ወደ 4 እና 32 ወረደ! አዲስ ነው ብሎ የገዛው ወንድማችን ከአሮጌው ያነሰ ይዞ ቤቱ ገባ ማለት ነው። ይህ ልዩነት ትርጉም አለው፤ ኦፕን ደብሊው አር ቲ ለ4/32 ሳጥኖች መውጣት ያቆመው በ19.07 እትም ሲሆን የእሱም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2022 አብቅቷል። ስለዚህ ለእነዚህ ሳጥኖች ክፍት ፈርምዌር አንመክርም። አሮጌ ስንጥቅ በሌላ አሮጌ ስንጥቅ መለወጥ ይሆናል። ለእነሱ የምንለው የመግቢያ ቃሉን ቀይሩ፣ ከውጭ የሚታዘዝበትን መንገድ ዝጉ፣ በአንድ ቁልፍ ንክኪ የሚያገናኘውን ደብሊው ፒ ኤስ አጥፉ፣ የፋብሪካው የመጨረሻ ማሻሻያ ካለ ጫኑ ነው። አዲስ ወይም ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ 16 ሜጋባይት ማስቀመጫና 128 ሚሞሪ ያለውን ፈልጉ፤ የአርቸር ሲ7 ሁለተኛው እትም ለምሳሌ ይህን ያሟላል።

ከመካከላችን አንዱ ይህንን ምክር ሳይሰማ የሌላ እትም ፋይል ጫነ። ሳጥኑ መብራቱን እንኳን ሳያበራ ቀረ። ሌላው ፋይሉ ትክክል ነበር፣ በመጫን ላይ እያለ መብራት ሄደ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የፋይሉን ስም ከእትሙ ቁጥር ጋር ሁለት ሰው ያስተያየው። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ጫኑ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ራውተሩን ከባትሪ መጠባበቂያ ጋር አያይዙት። ተጭኖ ሲያልቅ የይለፍ ቃል የለውም፤ ዋይፋዩም ጠፍቶ ነው የሚነሳው። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ መጀመሪያ ቃሉን አስገቡ፣ ከዚያ አገሩን ኢትዮጵያ ብላችሁ ዋይፋዩን አብሩ። የሞገዱን ኃይል ከተፈቀደው በላይ ለመጨመር የሌላ አገር ስም የሚሞሉ ልጆች አሉ። ይህ ጎረቤትን መበጥበጥና ሕግ መጣስ ነው፤ ሰላማዊ ትግል ውስጥ ቦታ የለውም። ከአገልግሎት ሰጪው የመጣውን ሞደምም አትነካኩ። እሱ እንዳለ ይቀመጥ፤ የራሳችሁን ራውተር ከኋላው ሰክታችሁ ቤተሰቡን በዚያ አገናኙ።

አሁን የማይወደድ ነገር እንናገር። አንዳንድ ወጣቶቻችን ይህንን ፈርምዌር እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ ሊያስሩት ይፈልጋሉ። አይሠራም። ኢንተርኔት ሲዘጋ አይከፍትም። ወዴት አድራሻ እንደምትሄዱ ከበራችሁ ውጭ ያለው መስመር ባለቤት ማየቱ አይቀርም። የተመሰጠረ ደብዳቤ ውስጡ ባይነበብም ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ይነበባል። ራውተሩ ላይ ቪፒኤን መጫን ይቻላል፤ ያኔ አድራሻውን የሚያየው ቪፒኤኑን የሚያስተዳድረው ሰው ይሆናል እንጂ ዓይን ጨርሶ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክና ቴሌግራም ተዘግተው በነበረበት ጊዜ ስልካችን ላይ የጫንናቸው ነጻ ቪፒኤኖች ባለቤታቸው ማን እንደሆነ ስንቶቻችን አጣራን? በነጻ የሚያሻግር ጀልባ ባለቤቱ በምን እንደሚኖር መጠየቅ ነበረብን።

ከዚህም የሚበልጠን የመስጂዱ ራውተር ነው። ብዙ መስጂዶች ለመድረሳው፣ ለደርስ ማሰራጫና ለእንግዳ ሲባል ዋይፋይ አስገብተዋል። አንድ ጎበዝ ልጅ ኦፕን ደብሊው አር ቲ ሲጭንበት ለመስጂዱ ውለታ ይሠራል፤ ጀዛከላህ እንለዋለን። ግን በዚያው ቅጽበት የማን ስልክ መቼ እንደገባ፣ የትኛውን ገጽ ስም እንደጠየቀ መመዝገብ የሚችል ሰው ሆኗል። የትኛው ወንድም የየትኛውን ኡስታዝ ገጽ እንደሚያዘወትር፣ የትኛዋ እህት ለየትኛው በሽታ ሐኪም እንደምትፈልግ ሊገምት ይችላል። አስቡት! ለዓመታት "አትሰልሉን" ብለን የጮህነው እኛ፣ በሰጋጁ ላይ የራሳችንን ትንሽ የስለላ ቢሮ ሚሕራቡ አጠገብ ልናቋቁም ነው። ነገሩ ከሩቅ የመጣ ስጋት አይደለም። መስጂዶቻችን ውስጥ የአመለካከት ልዩነት አለ፤ ኮሚቴና ኮሚቴ የሚጠራጠርበት ቦታም አለ። በእንዲህ ያለ ቦታ የጀምዓውን መዝገብ በእጁ ያገኘ ሰው "ለዲኑ ተቆርቁሬ ነው" ብሎ ይጀምረዋል። ሌሎች የሰለሉንም ለአገር ተቆርቁረው እንደነበር ነው የሚናገሩት።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። መዝገብ መያዝ ይጥፋ። ቁልፉ በአንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይሁን፤ ከወንዶችም ከሴቶችም ክፍል በጀምዓው የተመረጡ ሁለት ሰዎች ይወቁት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በታሸገ ፖስታ ኮሚቴው ጋ ይቀመጥ። የሚዘጋ ገጽ ካለ ዝርዝሩ ከጫማ መደርደሪያው በላይ ይለጠፍ፤ ሰጋጁ ያላየው ክልከላ አይኑር። ዘመዱን ባሕር ማዶ ያደረገ ኮሚቴ ራውተር ከማስላኩ በፊት ሞዴሉንና እትሙን ያጣራ፤ በቅን ልቦና የተላከ የማይሆን ሳጥን መጋዘን ሲሞላ አይተናል።

"በመስጂድ መፍረስ ዘመን ስለ ሳጥን ታወራላችሁ?" የሚሉን ታላላቆቻችን አሉ። እናከብራቸዋለን። ግን መጅሊሳችንን በመስጂዳችን ራሳችን እንምረጥ ስንል የጠየቅነው በቤታችን ጉዳይ የመወሰን መብታችንን ነበር። የቤታችንን ትንሽ በር ማን እንደሚያዝ ለማወቅ ያልሞከርን ሰዎች የትልቁን በር ቁልፍ ብንረከብ ምን እንደምናደርግበት እርግጠኞች አይደለንም።

በየመስጂዱ ኮምፒውተር የሚያውቁ ወጣቶች ከመጪው ጁሙዓ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ከዓሱር ሶላት በኋላ በመድረሳው ክፍል ቢቀመጡ ጥሩ ጅማሬ ነው። እናንተ ራውተራችሁን ከነማስተላለፊያው ይዛችሁ ኑ። ካልቻላችሁም ከሥሩ ያለውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ኑ፤ የይለፍ ቃሉ እዚያው ከተጻፈ ግን ያንን በጣታችሁ ሸፍኑት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።