አሞራው ለምን ይሰደባል?

እጩ መምህራን ጓደኞቼ ሆይ!

በደብረ ሊባኖስ፣ በገደሉ አፋፍ ወደ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ በሚወስደው የእግር መንገድ የሄደ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። በሌላ ቦታ ቀና ብለን የአሞራውን ሆድ ነው የምናየው፤ እዚያ ግን ከእግራችን በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን እናያለን። በቅርቡ አብረን ስንሄድ አንዱ ጓደኛችን፣ «ምን ያስደንቃል? ጥንብ አንሳ አይደል እንዴ!» አለ። አነጋገሩ አልተዋጠልኝም።

ለመሆኑ እሱ ካላነሳው ጥንቡን ማን ሊያነሳው ነው? በህንድ አገር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት የተሰጣቸውን ከብቶች ጥንብ የበሉ አሞሮች አለቁ። ጥንቡ ለውሻ ቀረ፤ ውሻው በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ተባባሰ።

በእኛም ዘንድ ችግር አለ። በገደል ላይ ጎጆውን የሚሠራው የሩፔል አሞራ በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አእዋፍ ተርታ ገብቷል። በአፍሪካ ዋናው ጠላቱ መርዝ ነው። ሰው ለጅብ ብሎ ጥንብ ይመርዛል፤ አሞራው ቀድሞ ይደርሳል። አንድ የተመረዘ በሬ መንጋውን ይፈጃል፤ አሞራው ግን በአንድ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው።

ነገ በየገጠሩ የምንመደበው እኛ ነን። በበኩሌ፣ አሞራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመሳል ተማሪዎችን ከአፋፉ ራቅ አድርጎ አስቀምጦ ማሳየት ይሻላል እላለሁ። መነጽር ባይኖርም ዓይን ይበቃል። ልጁ ያየውን ማታ ለአባቱ ያወራል፤ አባትየውም መርዙን ከማስቀመጡ በፊት ቆም ብሎ ያስብ ይሆናል።

ስድቡን ግን ከዛሬ ጀምሮ እንተወው!